ወረድ ያለችው «ለ»

ሽማግሌው ገና ከመቀመጣቸው የዲዛይነሯን ኪቦርድ እፍ እፍ ብለው አቧራውን አራገፉላት። ከኮታቸው የደረት ኪስ እስክሪብቶ ሳይሆን ትንሽ ብሩሽ ብቅ ብሏል። ወደ ማተሚያ ቤቱ የመጡት የባለቤታቸውን የልደት ጥሪ ካርድ ሊያሠሩ ነው። ያማሩ የፊደል ዓይነቶች ብታሳያቸው አንዱም አልጣማቸውም። በመጨረሻ ያረጀ ታይፕ የጻፈው የሚመስለውን፣ እዚህ ቀለሙ የተዝረከረከውን፣ እዚያ አይጥ የቆረጠመው የመሰለውን ስትከፍትላቸው ግን ፊታቸው በራ።

«እሰይ! አሁን ‹ለ›ን ከመስመሩ ትንሽ ዝቅ አድርጊልኝ፣ ልጄ።»

«አባባ፣ ሰው ስህተት ይመስለዋል እኮ!»

«ይምሰለዋ! ባለቤቴ ታይፒስት ነበረች፤ እኔ ደግሞ የታይፕ ጠጋኝ። ቢሮዋ በተጠራሁ ቁጥር ሌላውን ሁሉ አስተካክዬ ‹ለ›ን ብቻ እንደወረደች እተዋት ነበር።»

«ለምን?»

«ታዲያ በምን ሰበብ ልመለስ?»

ዲዛይነሯ ከት ብላ ሳቀች። «እሳቸውስ አልነቁብዎትም?»

ሽማግሌው ብሩሻቸውን በጣታቸው እየዳበሱ ፈገግ አሉ።

«አንድ ቀን ሕሊናዬ ቢወቅሰኝ ጊዜ አጥብቄ አስተካከልኳት። እንኳን ልትወርድ ንቅንቅ አትልም ነበር። በነጋታው ተጠራሁ። ‹ለ› ወርዳለች!»