የፍሬኑ ሽቦ መንገድ

ዛሬ ጠዋት የልጄን ብስክሌት ፍሬን ሳጠብቅ የተተረተረ የሽቦ ጫፍ አውራ ጣቴን ወጋኝ። ሕመሙ ትንሽ ነው፤ ንዴቱ ግን የድሮው ንዴት ሆኖ መጣ። አቃቂ፣ ክረምት፣ የቤታችን በረንዳ፤ አባቴም በርጩማ ላይ ተቀምጦ "እንደሱ አይደለም!" ሲለኝ።

ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። እኔ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ተማሪ ነበርኩ፤ የማላውቀው ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር። አባቴ ክር ፋብሪካ ይሠራል፤ ሲገባ ቅንድቡ ላይ ሳይቀር የጥጥ ብናኝ ነበረበት። የሚመላለስባት ብስክሌት በዕድሜ ትበልጠኛለች፤ ፍሬኗ በሽቦ ሳይሆን በብረት ዘንግ የሚጎተት ነው። አንድ ቀን በዝናብ፣ ወደ ድልድዩ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ፣ አልቆምም ብላው ቦይ ውስጥ ገባ። ቀኝ ክንዱ ተሰበረ።

እናቴ "ወይ ፍሬኑ ይቀየር፣ ወይ ብስክሌቷ ትሸጥ" አለች። እኔም "እቀይረዋለሁ" ብዬ ዘው አልኩበት።

መርካቶ ሄጄ አዲስ ፍሬን ከነሽቦው ገዛሁ። ከዚያ በኋላ ያለው፣ ምን ልንገራችሁ፣ ሦስት ቀን ሙሉ መከራ ነው። አባቴ "መሪውን ሳታዞሪ ሽቦውን አትቁረጪ" አለኝ። ቆረጥኩ። መሪው ወደ ግራ ሲዞር ሽቦው ተወጥሮ ፍሬኑ በራሱ ጊዜ ያዘ። በአውቶቡስ ተጋፍቼ እንደገና መርካቶ! የኋላውን ደግሞ ከመቀመጫው ሥር አጥፌ አሳለፍኩት፤ መያዙን ያዘ፣ መልቀቁን እምቢ አለ።

"አታጣምሚው! ሽቦ እንደ ሰው ነው፤ ካጠማዘዙት ያኮርፋል።"

"አባዬ፣ እባክህ ዝም በለኝ!"

ፈትቼ አሰርኩ፤ አስሬ ፈታሁ። እሱ ግን በደህናው እጁ መያዣውን ይሞክርና "አሁንም ከባድ ነው" ይላል። በሦስተኛው ቀን ፒንሳውን ጭቃው ላይ ወረወርኩት።

"ምኑ ነው የሚከብደው? ሕፃን ልጅ ይስበዋል እኮ!"

አልተቆጣም። ወደ ኩሽናው ዞር ብሎ አየ፤ እናቴ ጎመን ስትከትፍ የቢላዋው ድምፅ ይሰማል።

"ፍሬኑ አልነበረም" አለኝ በሹክሹክታ። "ያን ቀንም ፍሬኑ ደህና ነበር። ጣቶቼ ናቸው አልጨብጥ ያሉኝ። የተበጠሰ ክር ሲቀጥሉ ኖረው ደከሙ። ፋብሪካው ከሰማ ያሰናብተኛል፤ እናትሽ ከሰማች ከደጅ አታስወጣኝም። እንዳትነግሪያት።"

ፒንሳውን አንስቼ በቀሚሴ ጠረግሁት፤ ሁሉንም እንደገና ፈታሁ። የሽቦውን ልባስ ረዘም አድርጌ ቆረጥኩ። አንድም ቦታ ሳልሰብረው፣ ሰፋ ባለ ክብ ከመሪው አወረድኩት። ውስጡን ዘይት አጠጣሁት፤ ከአግዳሚው ብረት ጋር በጎማ ቁራጭ አሰርኩት። አባቴ በሁለት ጣት ሳበው። ጎማው ቀጥ አለ።

"አሁን ተግባባን" አለ።

ክንዱ ሲድን ነድቶ ወጣ። እኔ ከኋላው በእግሬ እሮጣለሁ፤ አንዴ እየተራገምኩ፣ አንዴ እየጸለይኩ። ከድልድዩ በላይ ቆመ። ዞር ብሎም አላየኝ፤ አንድ ከባድ መኪና እስኪያልፍ ጠብቆ ቀጠለ። ጡረታ እስኪወጣ በዚያችው ብስክሌት ተመላለሰ።

ምስጢሩን ጠበቅኩለት። ለእናቴ የነገርኳት ካረፈ በኋላ ነው፣ ልብሱን እያጣጠፍን። ትደነግጣለች ብዬ ነበር። እሷ ግን አንዱን ሸሚዝ አንስታ ጭኗ ላይ ዘረጋችውና ቁልፎቹን አንድ በአንድ ዳሰሰች።

"አንቺ ሞኝ" አለችኝ፤ "ይኼን ጠዋት ጠዋት ማን ይቆልፍለት የነበረ ይመስልሻል?"