ለእህቴ ዕቃ ከፍ ያደረግኳት ፒክአፕ፦ ከአዳማ እስከ ጋቦዴ

ረቡዕ፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት፣ አዳማ

በዚህ ሰዓት የነቃነው የዳቦ ቤቱ ሠራተኞችና እኔ ብቻ ነን። ከጎኔ ባለው ወንበር ላይ አንድ ጀሪካን ውሃ፣ አንድ ፌስታል ብርቱካንና ያረጀ ጃኬቴ ተቀምጠዋል። በዚህ መንገድ አሥራ አንድ ዓመት ተሳቢ ነድቻለሁ፤ ከተውኩት ሁለት ዓመት ሆነኝ። ዛሬ የያዝኩት የራሴን ፒክአፕ ነው። ነጭ፣ አሮጌ፣ ፎር ዊል ድራይቭ፣ ከፊትም ከኋላም በባሌስትራ፣ በተነባበረ የብረት ሞላ፣ የቆመች። የምሄደው ጅቡቲ ነው፤ ስምንት ዓመት በሰው ቤት የሠራችውን ታናሽ እህቴን ስንዱን ከነዕቃዋ ጭኜ ላመጣት።

ለዚሁ ስል ፒክአፗን ከፍ አስደርጌያታለሁ። ከድንበሩ ከጋላፊ ወዲያ ያለው መንገድ ድንጋዩ የመኪና ሆድ ይቀድዳል። ፍሪጅ፣ ፍራሽ፣ ቁም ሳጥንና የልብስ ስፌት መኪና ሲጫንባት ደግሞ ወገቧ ይጎብጣል ብዬ በየባሌስትራው ላይ ሁለት ሁለት ብረት አስደረብኩ። የከባድ መኪና ሰው ሌላ መፍትሔ አያውቅም፤ ጭነት ሲበዛ ብረት ይጨምራል። መካኒኩ፣ «ጋሼ፣ እንዲህ ከፍ ስትል ካርዳኑም መታየት አለበት፤ ከካምቢዮ ወደ ኋላ ዲፈረንሻል የሚሄደው ዘንግ በጣም ያዘነብላል» ብሎኝ ነበር። እኔ ጆሮ ዳባ ልበስ። «አሥራ አንድ ዓመት ተሳቢ የነዳሁ ሰው ነኝ» ብዬው ወጣሁ።

ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት፣ ጋላፊ

ሎጊያ አድሬ ነው ድንበር የደረስኩት። ከሚሌ ጀምሮ ከስድሳ በላይ ስነዳ ወለሉ ይንቀጠቀጣል። አስፋልቱ ነው ብዬ ራሴን አታለልኩ።

የተሳቢዎቹ ሰልፍ ጫፉ አይታይም። ሾፌሮቹ በተሳቢያቸው ጥላ ሥር ሻይ አፍልተው በሽርጥ ተቀምጠዋል። ድሮ ከዚህ መሃል ግማሹ ስሜን ጠርቶ ይሰድበኝ ነበር። ዛሬ አንድም ያወቀኝ የለም። ሁለት ዓመት እንዲህ ረጅም ነው እንዴ?

አንዱ ጎማዬን በእግሩ መታ እያደረገ፣ «አባት፣ ቁመቷ ያምራል። ሙሽራ ልታመጣ ነው?» አለኝ።

«እህቴን። ጅቡቲ ነው ያለችው።»

«ታድለሃል! እኛ እዚያ የምናውቀው ተራ አስከባሪውን ብቻ ነው።»

ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ግን ቃሉ አብሮኝ ቀረ። ለምን እንደሆነ ማሰብ ስላልፈለግሁ ፓስፖርቴን ይዤ ወደ ኬላው መስኮት ሄድኩ።

ከድንበሩ በኋላ ጥቁር ድንጋይና አቧራ ነው። ድንጋዩ እንደፈራሁት ሆዷን አልነካም፤ ለዚያ ቁመቷ በጀ። ዲኪል ከተማ ልደርስ ስል ግን የተቃጠለ ዘይት ሸተተኝ። ወርጄ ሥሯ ገባሁ። ከዲፈረንሻሉ አፍንጫ ዘይት ይንጠባጠባል። በካርዳኑ ጫፍ ያለውን ክሮቼራ፣ ማለትም መስቀል መሳዩን መጋጠሚያ፣ ብነካው ጣቴን ለበለበኝ። ከዚያ በኋላ በአርባ ነው የነዳሁት። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሉሃል ይሄ ነው።

ሐሙስ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት፣ ፔካ ዱዝ

ፔካ ዱዝ ከጅቡቲ ከተማ መውጫ ላይ ያለው የከባድ መኪኖች መቆሚያ ነው። ሙቀቱ ከላይም ከታችም ይመጣል፤ ቁራዎቹ እንኳ አፋቸውን ከፍተው ነው የሚቀመጡት። እዚህ ድሬዳዋ ያደገ አብዲ የሚባል መካኒክ አለ። ገና ስቆም በእጁ ጭንቅላቱን ይዞ መጣ።

«አቦ! ይህቺን ማነው ግመል ያደረጋት?»

ካርቶን አንጥፎ ሥሯ ገባ። ሲወጣ እጁን ዘረጋልኝ። «አንጓህን እንዲህ እጠፈው። አሁን ክንድህን አሽከርክር እስቲ።» ሞከርኩ፤ አጥንቴ እምቢ አለ። «አየህ? ክሮቼራም እንዳንተ ነው። አካሏን ስታነሳ ካምቢዮው አብሮ ተነሳ፣ ዲፈረንሻሉ ግን መሬት ቀረ። ዘንጉ ተጣመመበት፣ ተለጠጠበትም። ትንሽ ብትቆይ ወላሂ መሃል መንገድ ላይ ይዘረገፍልህ ነበር።»

«ተሳቢ ላይ ብረት ስንጨምር እንዲህ አይሆንም» አልኩት።

«ተሳቢ ባዶውን አይውልማ! ጭነቱ መልሶ ያወርደዋል።» ከዚያ ቁምነገሩን ጠየቀኝ። «ጭነህ ነው ወይስ ባዶህን ነው የምትመለሰው? ጭነህ ከሆነ ክሮቼራውንና የዘይት ማቆሚያውን ቀይሬ እለቅሃለሁ፤ ክብደቱ ዘንጉን ያቀናዋል። ባዶህን ከሆነ የጨመርከውን ብረት አወጣለሁ። ዲፈረንሻሉን በሽብልቅ ቀና አድርጎ፣ ካምቢዮውን ትንሽ ዝቅ አድርጎ ከፍ እንዳለች መተውም ይቻላል፤ እሱም ቢሆን በጭነቱ ልክ ነው። ስንት ኪሎ ነው?»

«የእህቴ ዕቃ ነው። የስምንት ዓመት ዕቃ።»

«አይተኸዋል?»

ባዶውን የፒክአፗን ጀርባ አየሁ።

«ሂድና እየው። እኔ በግምት አልሠራም።»

ዓርብ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት፣ ጋቦዴ

ጋቦዴ በሚባለው ሰፈር ስንዱ የምትሠራበት ቤት ሰማያዊ የብረት በር አለው። የመጣሁት ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እናታችን የሞተች ጊዜ። በሩን ከፍታ ስታየኝ ደረቷን ያዘች።

«ወንድም ጋሼ! ማን ሞተ?»

«ማንም። ልወስድሽ ነው የመጣሁት።»

ወደ ክፍሏ አስገባችኝ። ከልብስ ማጠቢያው አጠገብ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። አንድ አልጋ፣ አንድ ቬንትሌተር፣ ግድግዳው ላይ የማርያም ሥዕል። ከአልጋው ሥር አንድ ሻንጣ። ዓይኔ ሲንከራተት አየችኝ።

«ምን ትፈልጋለህ?»

«ዕቃሽን። ያኔ ስመጣ ያየሁትን ፍሪጅ፣ ቁም ሳጥኑን...»

«የማዳም ናቸው እኮ! እኔ ምን አለኝ? ሻንጣዬ ያውና።»

ብርቱካኖቹን ሰጠኋት። አልጋው ላይ አስቀመጠቻቸውና ቆማ ቀረች። «ውሰደኝ ያልኩህ መቼ ነው?»

«ደክሞኛል አላልሽኝም?»

«ደከመኝ አልኩህ። ለወንድሜ ደከመኝ ብል ጭነት ሆንኩ?» ድምፇን ዝቅ አደረገች፤ ቤት ውስጥ ሰው ተኝቷል። «ወንድም ጋሼ፣ ተሳቢ ስትነዳ በወር ሁለቴ ሦስቴ ጅቡቲ ትመጣ ነበር። ፔካ ዱዝ ከዚህ በሚኒባስ ስንት ደቂቃ ነው? ጭኜ ልወጣ ነው እያልክ ትደውልልኛለህ። እኔ ዓርብ ዓርብ፣ ኮንጄ በሆንኩ ቁጥር፣ የዕረፍት ቀኔ ሲሆን፣ ልብሴን ቀይሬ እጠብቅህ ነበር። ሦስት ዓመት ጠበቅሁ። ከዚያ ተውኩት።»

ሙቀቱን፣ ተራውን፣ እንቅልፉን ልነግራት አሰብኩ። ሁሉም ሰበብ ነው። እውነቱ፣ እህቴ እዚያው ናት፣ በሚቀጥለው እሄዳለሁ እያልኩ ነው ዓመታቱ ያለፉት።

«አሁንስ ነይ» አልኳት። «ቤቱ ሰፊ ነው።»

«ቤቱ ባዶ ሆኖብህ ነው የመጣኸው።» ቁጣ አልነበረባትም፤ እሱ ነው የባሰብኝ። «እዚህ ሰው አለኝ። ዓርብ ማዕከላዊ ገበያ የምንገናኝ አምስት ሴቶች አለን። ወባ የያዘኝ ጊዜ ተፈራርቀው ያስታመሙኝ እነሱ ናቸው። አዳማ ማንን አውቃለሁ?»

«እኔን።»

«አንተንማ የማውቅህ በስልክ ነው።»

አሠሪዋ ማዳም ከውስጥ ተጣራች። ስንዱ በፈረንሳይኛ መለሰችላት፤ እህቴ ፈረንሳይኛ እንደምትናገር ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

በእግሬ ወጣሁ። ከድሬዳዋ የመጣው ጫት ደርሶ ሰዉ ሁሉ ጭብጡን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ወደየቤቱ ይጣደፋል። የሚጠብቀው ሰው ያለው መንገደኛ አረማመዱ ያስታውቃል። ለመጀመሪያ ጊዜ በዚህች ከተማ ውስጥ ያለ ተሳቢ፣ ያለ ተራ ሄድኩ፤ የት መቀመጥ እንደምችል እንኳ አላውቅም። ብቸኝነቴ አስፈራኝ።

መቆሚያው ስደርስ አብዲ ፊቴን አይቶ ምንም አልቀለደም። «ብረቶቹን ላውጣ?»

«አውጣቸው። አንድ ሻንጣ ነው። እሱም አይመጣም።»

ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል፣ ፔካ ዱዝ

አብዲ ብረቶቹን አውጥቶ፣ ክሮቼራውንና የዘይት ማቆሚያውን ቀይሮ፣ ፒክአፗን ወደ ድሮ ቁመቷ መልሷታል። ዘንጉ ቀጥ ብሏል። ሞተሩን ላስነሳ ስል ከሚኒባስ ስንዱ ወረደች። ማዳም ሳትነሳ ነው የመጣችው። በፌስታል የታሰረ ትኩስ ዳቦና የተጠበሰ ዓሣ ይዛለች።

«መንገድ ላይ ብላው» አለችኝ።

ቆመን ተሳቢዎቹ ሲወጡ አየን። አንገቴን አቅፋ ሳመችኝ። ከዚያ ገፋ አድርጋ ዓይኔን አየችኝ።

«ሌላ ጊዜ ስትመጣ ለመውሰድ አትምጣ። ለማየት ና። መቼ ነው?»

«ሲመቸኝ...» ብዬ ጀመርኩ።

«እንደሱ አይደለም። ቀኑን ንገረኝ።»

በስምንት ዓመት ቀን ቆርጬላት አላውቅም። ለጫኝ፣ ለአስጫኝ፣ ለጉምሩክ ቆርጫለሁ። «የትንሣኤ ማግስት፣ ሰኞ» አልኳት።

«እሺ» አለች።

ድምፇ ውስጥ ሰኞ አልነበረም። አላመነችኝም፤ በእሷ ቦታ ብሆን እኔም ራሴን አላምንም።