በሰው ፊት የጠየቅኩት ጥያቄ

ስብሰባ ላይ ተናገርክ ተብዬ ሆሳዕና ከምሠራበት ጤና ጣቢያ ፖሊሶች ከነጋዋኔ ወስደው አሰሩኝ። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ሲሚንቶው አጥንት ይሰብራል፤ በሩ ሥር የሽንት ባልዲ አለ። እጄን ይዘው ከጎናቸው ያስቀመጡኝ ከሞርሲቶ የመጡ አዛውንት ነበሩ፤ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ። እሳቸውንም ያመጣቸው እንደኔው ምላሳቸው ነው።

ሆዳቸው ተነፍቷል፤ የዓይናቸው ነጭ ቢጫ ሆኗል። ነርስ ነኝና አፌ ቀደመኝ።

«ጋሼ፣ መጠጥ ይጠጣሉ እንዴ?»

ከእስረኞቹ አንዱ ሳቀ። «በጓዳ ነዋ!»

እኛ አገር ጉበት የጠጪ በሽታ ነው። የጴንጤ ሽማግሌ ጉበቱን ታመመ ማለት ደብቆ ይጠጣል ማለት ነው። ምነው ምላሴን በቆረጠው!

«ጨጓራዬን ነው» ብለው ወደ ግድግዳው ዞሩ። ሁለት ቀን ስለ ሕመማቸው ትንፍሽ አላሉም። በሦስተኛው ቀን ሰገራቸው እንደ ሬንጅ መጥቆሩን በሹክሹክታ ነገሩኝ። ዓምና ደም አስመልሰው ሐኪም የምግብ ቧንቧቸው ውስጥ ያበጠ ደም ሥር አይቷል፤ መድኃኒቱ ሲያዙ ቤት ቀርቷል። ጥቁር ሰገራ የውስጥ ደም ነው፤ ደነገጥኩ። አንዴ የደማ ደም ሥር፣ ያ ሆድ፣ መድኃኒት የለ፤ ዳግም በኃይል ለመፍሰስ ምን ቀረው?

«ለፖሊሱ እንናገር፣ ጋሼ።»

«ጠጥቶ ነው ይሉኛል፣ ልጄ። ስሜን ይዤ ልሙት።»

ተነስቼ ወደ እስረኞቹ ዞርኩ። «ስሙኝ! ጥፋቱ የኔ ነው። ጉበት ያለ መጠጥም ይታመማል። የጉበት ቫይረስ በደም ይተላለፋል፤ ባንድ ምላጭ የስንቱ ልጅ እንጥል ሲቆረጥም። እስቲ እንጥሉን ያልተቆረጠ እጁን ያንሳ!»

ማንም አላነሳም። የሳቀው ሰውዬ ጉሮሮውን ዳሰሰ።

በማግስቱ ጠዋት ቆጠራ ላይ አዛውንቱ ኮታቸውን ቆልፈው ወደ ፊት ወጡ። «ጉበቴን ታምሜአለሁ። ደም አስመልሼ አውቃለሁ። ጠጥቼ አላውቅም። ሐኪም ቤት ውሰዱኝ።»

«መኪና የለም፤ ነገ» አለ ፖሊሱ።

ከሰዓት በኋላ ባልዲው ላይ ደም አስመለሱ። ግንባራቸውን የያዘላቸው ያው የሳቀው ሰውዬ ነው። ያኔ መኪና ተገኘ። እሳቸው ግን አልተመለሱም።

ስፈታ ሞርሲቶ ለቅሶ ደረስኩ። ባለቤታቸው ከሰው ለይተው ወሰዱኝ።

«ልጄ፣ ሰው ያወራል። ጠጥቶ ነው?»

«አይደለም፣ እናቴ» አልኩ። ከዚያ ወጥቼ ለቀስተኛው ፊት ጮክ ብዬ ደገምኩት።

ዛሬም በሽተኛ ሁሉ ይጠጣ እንደሆነ መጠየቅ አለበት፤ እጠይቃለሁ። ግን በሩን ዘግቼ ነው። ፖሊሱ ግማሽ ቀን ወሰደባቸው፤ ሁለቱን ቀን የወሰድኩባቸው እኔ ነኝ።