የአሜሪካ ሰኞ፣ የዳሪሙ ቅዳሜ

ከጎሬ የተነሣሁት ቅዳሜ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። የታሪክ መምህር ነኝ፤ ለማስተርሴ የምጽፈው በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን የአሜሪካ ምክር ቤቶች መቼ መቼ ይሰበሰቡ እንደነበር ነው። አማካሪዬ ከአገር ቤት ምክር ቤት ጋር አነጻጽር ስላሉኝ፣ በዳሪሙ ገጠር በአንድ ቀበሌ ጉባኤ ላይ ልገኝ ነው ጉዞዬ። ጉባኤው ሐሙስ ነበር። ሐሙስ ክፍል አለኝና ወደ ቅዳሜ እንዲያዞሩልኝ በስልክ ለምኜ፣ እሺ ተብያለሁ።

ሚኒባሱ እስኪሞላ አንድ ሰዓት ሙሉ ተገተርኩ። ሾፌሩ በታሪፉ ላይ አሥር ብር ጨመረ፤ ስጠይቀው መንገዱን አታየውም ወይ አለኝ። መቱ ስደርስ ደግሞ የዳሪሙ መኪና የለም። አንዱ ከምሳ በኋላ ይላል፣ ሌላው ነገ። የበቆሎ ቂጣ በማር በልቼ፣ እየተነጫነጭኩ ሞተር ተከራየሁ። ሞተረኛውም ወንዝ ዳር አራግፎኝ ተመለሰ፤ ድልድዩን የክረምቱ ጎርፍ ወስዶታል። ጫማዬን በእጄ ይዤ፣ ሱሪዬን ሰብስቤ ተሻገርኩ። ምን ዓይነት ጣጣ ነው!

ስምንት ሰዓት

የቀጠሮው ሰዓት ደርሷል፤ የቀበሌው አዳራሽ ግን ባዶ ነው። ሊቀ መንበሩ ኦቦ ታደሰና እትዬ ከድጃ ብቻ ተቀምጠዋል። እትዬ ከድጃ በልጅነታቸው ከወሎ በሰፈራ የመጡ ገበሬ ናቸው፤ ዛሬ የመጡት ለድልድዩ ነው። ጉባኤው የጥገናውን ጥያቄ አጽድቆ ደብዳቤው ሰኞ ወረዳ ከደረሰ የድልድዩ ጣውላ ይሰጣቸዋል፣ ሰኞ ካለፈ ለሌላ ቀበሌ ይሄዳል። ልጆቻቸው ትምህርት ቤት የሚሄዱት ያንን ወንዝ ተሻግረው ነው።

አባላቱ የታሉ ብዬ ተቆጣሁ። ቀጠሮ ማክበር እንዲህ ብርቅ ነው ወይ? የአሜሪካኖቹንም ተረክሁላቸው፤ ሕገ መንግሥታቸው ለኮንግረሱ የዲሴምበርን የመጀመሪያ ሰኞ እንደቆረጠለት፣ አዲስ ተመራጭ ብዙ ጊዜ ዓመት ከወር ጠብቆ ሥራ እንደሚጀምር፣ ብዙዎቹ የክፍለ ግዛት ምክር ቤቶችም ገበሬው አዝመራውን ከሰበሰበ በኋላ፣ በብርዱ ወራት እንደሚቀመጡ።



«እነሱስ የገበሬያቸውን ጊዜ ጠብቀዋል» አሉ እትዬ ከድጃ። «እርስዎ ቅዳሜ የቡና ገበያ መሆኑን ጠይቀዋል?»

በቡና ለቀማ ወር፣ በገበያ ቀን፣ ማን ስብሰባ ይመጣል? ወደ ኦቦ ታደሰ ዞሬ ለምን አልነገሩኝም ስላቸው አንገታቸውን ደፉ።

«እንግዳ፣ ያውም መምህር፣ ሲለምን እንዴት እምቢ ይባላል? ይሉኝታ ያዘኝ።»

እሑድ

አባላቱን ለመሰብሰብ ከኦቦ ታደሰ ጋር ቤት ለቤት ዞርን። ግማሹ ቤተ ክርስቲያን፣ ግማሹ ለቀማ ሄዷል። ከሰዓት በኋላ የተሰበሰቡት ስድስት ሰዎች ናቸው፤ ምልአተ ጉባኤው አልሞላም። በራሴ ተናድጄ፣ ያንኑ ወንዝ ተሻግሬ ተመለስኩ።

ጎሬ፣ ረቡዕ

ኦቦ ታደሰ ደወሉ። ጣውላው ለሌላ ቀበሌ ተሰጥቷል። «አይዘኑ መምህር፣ ምንም አይደል» አሉኝ፤ አሁንም እንግዳ ነኝ ለካ። ቀን ከመቁረጤ በፊት የባለቤቶቹን ሥራ መጠየቅ እንዳለብኝ፣ እኔ ትምህርቴን አግኝቻለሁ። ወንዙን የሚሻገሩት ግን የእትዬ ከድጃ ልጆች ናቸው።