ሞተሩ እስኪነሳ

ይህን የምጽፈው አንድ ጥያቄ በአግባቡ ስላልመለስኩ ነው። በቅርቡ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ፣ የኤሌክትሪክ መኪና ለመግዛት የሚያመነታ አንድ ወዳጄ፣ «እውነቱን ንገረኝ፤ የቤንዚኗ አትናፍቅህም?» ሲል ጠየቀኝ። «አትናፍቀኝም» አልኩት። አልዋሸሁም፤ መልሴ ግን ጎዶሎ ነበር። ሙሉው መልስ ስለ እህቴ ሰርግ መናገርን ይጠይቃል፤ ያ ደግሞ በብርድ ቆሞ የመኪናውን በር ለያዘ ሰው የሚነገር አይደለም።

የቤንዚኗን መኪና የገዛኋት ወደዚህ አገር፣ ወደ ካናዳ በመጣሁ በዓመቱ፣ ቶሮንቶ ፓርክዴል በሚባል ሰፈር አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቼ በምማርበት ጊዜ ነው። ጥቁር አረንጓዴ፣ ረጅምና ሰፊ፣ ዕድሜዋ የገፋ ነበረች። በክረምት ጠዋት በአንድ ጊዜ ተነስታ አታውቅም። ቁልፉን ሳዞር ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ያንገራግራል፤ ይተወዋል። ዳግመኛ አዞራለሁ፤ አሁንም አንገራግሮ ይተወዋል። በሦስተኛው ሙከራ ሞተሩ ከእንቅልፉ እንደ ተቀሰቀሰ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠርጎ ይነሳል። እስክትሞቅ ድረስ መሪው ላይ መጽሐፍ ዘርግቼ አነብ ነበር። በዚህ የተነሳ ከቤተ መጻሕፍት የተዋስኳቸው መጻሕፍት ሁሉ ሲመለሱ ቤንዚን ቤንዚን ይሸቱ ነበር። እኔ ግን ያን ሽታ እወደው ነበር። ማደያ ቆሜ ነዳጅ ስሞላ ጓንቴ ላይ የሚቀረው ሽታ እስከ ማታ አብሮኝ ይውላል፤ በዚህ ሰፊ ከተማ ውስጥ ወደ ፈለግሁበት የሚያደርሰኝ የራሴ ነገር እንዳለኝ የሚመሰክርልኝ እሱ ነበር።

በኋላ እናቴና ታናሽ እህቴ መጡና ሦስታችን ስካርቦሮ በሚባለው የከተማው ምሥራቅ ክፍል አንድ አፓርትመንት ውስጥ መኖር ጀመርን። የመኪናዋ የክብር ሥራም ከዚያ ወዲህ የመጣ ነው። ሰፊ ስለሆነች ለሰርግ ትፈለግ ነበር፤ በሪባንና በአበባ ካጌጠች ዝገቷ አይታይም። ሙሽሪት ገብታ በሩ ሲዘጋ፣ ሰው ሁሉ እየዘፈነ ይከበናል፤ እኔ ቁልፉን አዞራለሁ። የመጀመሪያው ማንገራገር ሲሰማ የሙሽሪት እናት ወደ መስኮቱ ትጠጋለች። በሁለተኛው ልጇን ስማ ትመርቃለች። በሦስተኛው ሞተሩ ይነሳል፤ እልልታው ይቀልጣል፤ እናትየዋም እጇን ከመስኮቱ ታነሳለች። ማንም አስቦ ያቀደው አልነበረም፤ ግን እየዋለ እያደረ ሥርዓት ሆነ። እናቴ በእነዚያ ሰርጎች ሁሉ ከጎን ቆማ ታይ ነበር። «የእኔም ተራ ሲደርስ ሞተሩ እስኪነሳ ድረስ የምላት አለኝ» ትል ነበር፤ እህቴን ማለቷ ነው።

መኪናዋን ያሸነፋት በረዶ እንዲያቀልጥ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ነው። ወለሏ በዝገት ተበልቶ አስፋልቱ ከእግሬ ሥር ሲታየኝ ተሰናበትኳት፤ ብዙ ካነበብኩና ካሰላሰልኩ በኋላም የኤሌክትሪክ መኪና ገዛሁ። በመጀመሪያው ብርቱ ብርድ ጠዋት ጎረቤቶቼ በየመኪናቸው ውስጥ ቁልፍ እያዞሩ ሲታገሉ፣ እኔ አዝራር ተጭኜ በመካከላቸው ያለ ድምፅ አለፍኩ። ድል ማለት ይህ ነው ብዬ አሰብኩ።

የእናቴ ታላቅ ወንድም ግን በዚህ አልተስማማም። አጎቴ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ በዚህ ከተማ ታክሲ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው፤ ታክሲውንም ከዚያ በኋላ አልሸጠውም። አዲሱን መኪና ዞሮ ዞሮ አየውና፣

«ይኼ መኪና ነው ወይስ ፍሪጅ?» አለ።

«ፍሪጅ እንኳ ድምፅ አለው ጋሼ» አለች እህቴ እየሳቀች።

«በይ ሳቂ! በሰርግሽ ቀን መንገድ ላይ ሲቆም እናያለን።»

ሰርጉ በጥር ሆነ። አገር ቤት ጥር ሰማዩ የሚጠራበት የሰርግ ወር ነው። ቶሮንቶም ላይ በጥር ሰማይ ይጠራል፤ የሚጠራው ግን ብርዱ ሲበረታ ነው። ሙሽራው የሚሠራው ኤድመንተን ስለነበረ በማግስቱ ጠዋት ይበራሉ፤ የመልሱ ድግስም ለፋሲካ ማግስት ተላልፏል። በእኛ ቤት ወግ የሙሽሪት እናት ሰርገኛውን ተከትላ አትሄድም፤ የምትሸኘው ከደጅ ነው። ስለዚህ እናቴ ለእህቴ ልትለው ያሰበችው ሁሉ የሚነገረው በመኪናው መስኮት ብቻ ነበር። ለሳምንታት አሰላስላዋለች። ምን እንደሆነ ለማንም አልነገረችም።

በዕለቱ ሙሽራው ከሚዜዎቹ ጋር መጥቶ እህቴን ይዞ ወረደ። የሙሽሮቹ መኪና የእኔ፣ ሹፌሩም እኔ እንድሆን የፈለገችው እህቴ ናት። አጎቴ ከኋላው ወንበር ላይ ወፍራም ጋቢ አስቀመጠና፣ «ባትሪው ሲያልቅ ትለብሱታላችሁ» ብሎኝ ሄደ። ቀጥሎም እናቴን ከሕንፃው መግቢያ፣ ከመስታወቱ በር በስተ ውስጥ አቆማት።

«አንቺ እዚሁ ሁኚ፤ ብርድ አይምታሽ። ሞተር ሲነሳ ትወጫለሽ።»

እሷም ነጠላዋን አስተካክላ፣ ጆሮዋን አቅንታ ቆመች።

እኔ ይህን አላየሁም። ሙሽሮቹ ገቡ፤ በሩ ተዘጋ፤ ከፊት የነበሩት መንገድ ለቀቁልኝ፤ በጥድፊያው የእናቴን ተራ ረስቼ አዝራሩን ተጫንኩ። መኪናው ተንሸራቶ ወጣ። ከበው የሚዘፍኑት እንኳ መሄዳችንን ያወቁት ጎማው በረዶውን ሲያደቀው ነው። ከእኛ በኋላ የአጃቢዎቹ የቤንዚን መኪኖች እየተንደቀደቁ ተነሱ። እናቴ ሰምታ የወጣችው የእነሱን ሞተር ነው። እኛ ቆመንበት የነበረው ቦታ ባዶ ነበር።

«እማዬስ?» አለች እህቴ፣ ዋናው መንገድ ላይ እንደ ወጣን።

ወዲያው ስልኬ ጮኸ። የአጎቴ ድምፅ መኪናውን ሞላው።

«አንተ! እናትህ በረዶ ላይ ቆማ ቀርታለች!»

«እመለሳለሁ ጋሼ።»

«እንዳታደርገው! ሙሽራ ከደጅ ከወጣች ወዲያ አትመለስም፤ ነውር ነው!»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ነግሬህ ነበር እኮ! ፍሪጅ ሰርግ አያውቅም ብዬህ ነበር!»

እህቴ ከኋላ ትከሻዬን ጨበጠች። «ስቶፕ አድርግ። እማዬን ሳልሰማት ፕሌን ላይ አልወጣም፤ ሲሪየስ ነኝ።»

ሙሽራውም፣ «አቁም፤ አዳራሹ የትም አይሄድም» አለ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ይህን ሰው እንደ ወንድሜ አየዋለሁ።

ዳር ይዤ ቆምኩ። አጃቢዎቹ ምክንያቱን ባያውቁም በደስታ ክላክሳቸውን እያንባረቁ ከኋላችን ተሰለፉ። ጥቂት ቆይቶ የአጎቴ ታክሲ እያጓራ ደረሰና እናቴ ወረደች። ወደ እህቴ መስኮት ጎንበስ ብላ አንድ ነገር ተናገረች። እናቴ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነው፤ በዕድሜዋ ጮኻ የተናገረችበትን ቀን አላስታውስም። በዚያ ሁሉ ሞተርና ክላክስ መካከል ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ እንጂ ቃሏ አልተሰማም። እህቴ «ምን? ምን አልሽ እማዬ?» ትላለች። በዚያ ቅጽበት አንድ ነገር ገባኝ፤ አሮጌዋ መኪናዬ ብትሆንም ኖሮ የእናቴ ድምፅ ሊሰማ አይችልም ነበር። በእነዚያ ሰርጎች የተሰሙት ድምፃቸው የሚጎላ እናቶች ነበሩ።

«በይ፣ ሳሚያትና ነይ» አለ አጎቴ።

እናቴ ቀና ብላ የተሰለፉትን መኪኖች አየች። ከዚያ የፊተኛውን በር ከፍታ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ምን ማለትሽ ነው? የሙሽሪት እናት ከሰርገኛ ጋር ትሄዳለች እንዴ?» አለ አጎቴ።

«ወንድም ጋሼ፣ እኔ የተሳፈርኩት ልጄ መኪና ላይ ነው። በሩን ዝጉልኝ፤ ብርድ ይገባል።»

አጎቴ ራሱን እየነቀነቀ በሩን ዘጋላት።

በሩ ሲዘጋ ዓለም ሁሉ ከውጭ ቀረ። በብርድ ቀን የአውራ ጎዳና ፍጥነት ባትሪ ስለሚጨርስ በከተማው ውስጥ ኤግሊንተን የሚባለውን መንገድ ይዤ ወደ ምዕራብ ነዳሁ፤ ማሞቂያውንም አጠፋሁ። የአጎቴ የሹፈት ጋቢ ሙሽራና ሙሽሪትን አለበሰ። እናቴ ወደ ኋላ ዞራ የእህቴን እጅ ያዘችና በዚያው በለመደችው ድምፅ መናገር ጀመረች። እያንዳንዱ ቃል ይሰማ ነበር። ኤግሊንተን ዌስት ወደሚባለው ምዕራባዊ ክፍሉ ስንደርስ ለከተማ ባቡር በሚቆፈረው መንገድ መኪናው ሁሉ ተገትሯል፤ መንገድ ዳር ባሉ ፀጉር ቤቶች በር ላይ የቆሙ የካሪቢያን ሰዎች አበባውን አይተው እጃቸውን አወዛወዙልን። ሌላ ቀን ቢሆን በዚያ ቁፋሮ እማረር ነበር። ያን ቀን ግን መንገዱ እንዳይከፈት ተመኘሁ።

የተናገረችውን ሁሉ አልጽፈውም፤ የተነገረው ለእኔ አይደለም። አባታችንን ያገባችበትን ቀን እንደ ተረከችላት፣ የእሷ እናት በዚያ ቀን ምን እንዳለቻት እንደ ነገረቻት ብቻ እጠቅሳለሁ። እህቴ፣ «እማዬ፣ ፕሊስ፣ ሜካፔ ይበላሻል» እያለች ታለቅስ ነበር። እናቴም፣ «ይበላሽ፤ ከሜካፑ በፊት አውቅሻለሁ» አለቻት። ሙሽራው ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። በመጨረሻ እጇን ዘርግታ ሁለቱንም መረቀች፤ «አሜን» ያልነው ሦስታችን ነን፤ አሜናችንም ጥርት ብሎ ተሰማ።

አዳራሹ በር ላይ ስንደርስ ባትሪው ከሩብ በታች ቀርቶት ነበር፤ ግን ደረሰ። የተሰበሰበው ሰው ሙሽሪትን ሲጠብቅ በመጀመሪያ የወረደችው እናቴ ሆነች። ከዚያ ሰምቼ የማላውቀው እልልታ ቀለጠ። አጎቴ ታክሲውን አቁሞ መጣ። መኪናዬን አንዴ ዞረው፤ ኮፈኑን በመዳፉ መታ መታ አደረገና፣

«ይኼ ፍሪጅ ለካ ሰው ያነጋግራል» አለ።

ከዚያ ወዲህ በመኪናዬ ሌሎች ሙሽሮችም ሄደዋል። ልነሳ ስል መንገዱን እየከፈተ፣ «እናት ከፊት! እናት ከፊት ትቀመጥ!» እያለ የሚጮኸው አጎቴ ነው። ወጉ ከጥንት የነበረ እንጂ ከእኛ መኪና የጀመረ አይመስለውም።

እንግዲህ ወዳጄ፣ ሙሉው መልሴ ይህ ነው። ከቤንዚኗ ጋር የጠፋውን ደግሞ ሳልደብቅ እቆጥርልሃለሁ።

አንድ ቁልፍ። አንድ የቤንዚን ሽታ። ሦስት ማንገራገር።