ከአጥሩ በላይ የሚታየው ቢጫ ክንድ

ባለፈው ሰኞ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ የውኃ ቧንቧ ለመቅበር መሬቱን ሲቆፍሩ፣ በመማሪያ ክፍላችን መስኮት የገባው ሽታ መምህሩ የሚናገረውን ሁሉ አስረሳኝ፤ የጋለ ናፍጣ፣ ያረጀ ግሪስና የተገለበጠ እርጥብ አፈር አንድ ላይ ሲሆኑ የሚሰጡት ሽታ ነበር። ጓደኞቼ አፍንጫቸውን ሲይዙ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ሳብኩት፣ ወዲያውም አስመራ ውስጥ ዓኽርያ የሚባለው ሰፈር፣ ያደግሁበት ግቢ፣ በግቢው መሐል የቆመችው ቢጫ ማሽንና እስከ ዛሬ ያልበረደልኝ ንዴት ተከታትለው መጡብኝ።

የኤርትራ ነጻነት ከመጣ ብዙም አልቆየም ነበር፤ እኔ ገና ትምህርት ቤት መግባቴ ነው። እናቴ ዘነበች የደሴ ልጅ ናት፤ አስመራ የመጣችው ወታደር ከነበረው ወንድሟ ጋር ሲሆን፣ አባቴን ሃብቶምን አግብታ ስለነበር ወንድሟ ከሌሎቹ ጋር ወደ አገሩ ሲመለስ እሷ ቀረች። ጎረቤቶቻችን ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ ሆኖም ገበያ ውስጥ አፏን በከፈተች ቁጥር ዞር ብሎ የሚያያት አይጠፋም ነበር። አባቴ መካኒክ ነው፤ ይሠራበት የነበረው ኦፊቺና፣ ማለትም ጋራዥ፣ ተዘግቶ እቤት መዋል ጀምሮ ነበርና፣ እራት ላይ «ሃብቶም፣ እዚህ የምንቀረው ምን ይዘን ነው?» ብላ ስትጠይቀው እንጀራውን መቁረሱን ይቀጥል ነበር።

መልሱ በጭነት መኪና ተጎትቶ መጣ። ያመጣው አያ ዘርአይ ነበር፤ ሕንፃና መንገድ የሚሠራ ኮንትራክተር፣ የአባቴ የልጅነት ጓደኛ፣ የታናሽ ወንድሜም የክርስትና አባት ነው። ከፊት ሰፊ አካፋ፣ ከኋላ ደግሞ እንደ ክርን የሚታጠፍ ረጅም ክንድና የመቆፈሪያ ባልዲ ያላት አሮጌ ሎደር ከብረታ ብረት ክምር መሐል አግኝቶ ገዝቷት ነበር። ጎማዎቿ ተንፍሰው፣ ሞተሯ ዝጎ፣ በመቀመጫዋ ውስጥ ድመት ወልዳ ነበር የመጣችው። በበሩ አልገባ ስላለች አባቴ ከመንገዱ በኩል ያለውን የድንጋይ አጥር በሰፊው አፈረሰላት። አያ ዘርአይ ወንድሜን ታቅፎ፣ እናቴ ባለችበት «ብረቱ የኔ፣ እጁ ያንተ፤ ከተነሳች ግማሿ ያንተ ናት፣ መሪዋንም ካንተ በቀር የሚይዝ የለም» አለና ሕፃኑን ግንባሩን ስሞ ማለ። እናቴ በዚያን ቀን ስለ መሄድ ማውራት ተወች።

በጋውን ሙሉ ማሽኗ ተፈታታ ግቢያችንን ሞልታው ነበር። አባቴ ፒስቶኑን አውጥቶ፣ ፖምፓውን ከፍቶ፣ የዘይት ቧንቧዎቹን አንድ በአንድ በናፍጣ አጥቦ፣ የማይገኘውን ዕቃ ከአሮጌ ብረት እያስቀጠቀጠ ይሠራ ነበር፤ አጠገቡ ሆና መፍቻና ካቻቪቴ የምታቀብለው ደግሞ እናቴ ነበረች። ትግርኛን አጣርታ ሳትናገር የመፍቻዎቹን የጣልያንኛ ስም ሁሉ ታውቅ ነበር። ክንዱ በሚታጠፍበት በእያንዳንዱ መገጣጠሚያ ላይ ግሪስ መግፋት የእሷ ሥራ ስለነበር፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ አሮጌው ግሪስ ጠቁሮ ወጥቶ አዲሱ ነጥቶ እስኪታይ ድረስ የግሪስ ፖምፓውን ስትጫን ክንዷ እስከ ትከሻዋ ይጠቁር ነበር። እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ጥፍሯ ሥር የቀረው ጥቁረት እንዳይታይባት እጇን በነጠላዋ ትሸፍን ነበር።

በዓኽርያ መካኒኮች ዘንድ የታወቀ አንድ ወግ ነበር። አንድ ባለሙያ የያዘውን ሥራ ሲጨርስ ሁለቱን መዳፎቹን በሞተሩ ክዳን ላይ ያሳርፍና ቀስ ብሎ ወደ ላይ እያነሳ «ኢደይ ኣልዒለ» ይላል፤ እጄን አንስቻለሁ፣ ከዚህ በኋላ ያንተ ነው ማለት ነው። ይህን እስኪል ድረስ ባለንብረቱም ቢሆን ዕቃውን አይወስድም፣ ሌላ መካኒክም አንድ ቡሎን አይፈታም።

ክረምት ሲገባ ሞተሩ ተነሳ። ጭሱ ጎረቤቱን ሁሉ አስሳለው፤ እናቴ እልል አለች። የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ክንዱን ወደ ላይ ይዞ የሚያቆመው ዘይት እንዳያፈተልክ የሚያግደው ጎሚኒ አልቆ ስለነበር፣ አባቴ ለሙከራ ያህል ጫማ ሰፊ ዘንድ ሄዶ ከወፍራም ቆዳ አስቆርጦ፣ ዘይት ውስጥ ዘፍዝፎ በቦታው አስገብቶት ነበር። እውነተኛው ጎሚኒ ከምጽዋ ሲመጣ ሊቀይረው ነው። ጎሚኒው መጣ፤ እናቴም በጨርቅ ጠቅልላ ከወርቋ ጋር ሣጥኗ ውስጥ አስቀመጠችው። አባቴ በማግስቱ ሊገጥመው ሲል አጎቱ ሞቶ ለቀብር ወደ ገጠር ሄደ።

አያ ዘርአይ የመጣው ያኔ ነው። የእህቱን ልጅ ዮናስን አስከትሎ በፈረሰው አጥር በኩል ገባ፣ ዮናስም ሰላም ሳይለን መቀመጫው ላይ ወጣ። እናቴ ወንድሜን እንዳዘለች ከአካፋው ፊት ቆመች።

«አያ ዘርአይ፣ ሃብቶም እኮ እጁን አላነሳም።»

«ኣንቲ ሓፍተይ፣ አንቺ እህቴ፣ ሞተሩ ይነሳል፣ ጎማው ይሽከረከራል። ሌላ ምን ቀራት፣ ጥምቀት?» አለና ሳቀ።

«ሲመጣ ይንገርህ። መሪውንም እሱ ነው የሚይዘው ብለህ ምለሃል።»

ያን ጊዜ ሳቁን አቆመ። «የኦፊቺና ነገር አንቺን ምን አገባሽ? እንግዳ ነሽ። ሰዎችሽ ሁሉ ሲሄዱ የቀረሽው እኛ ዝም ስላልን ነው፤ አንቺም ዝም በይ።»

እናቴ ፊቷ አልተለወጠም። ከአካፋው ፊት ዞር ብላ፣ እኔን በእጄ ይዛ ወደ ግድግዳው ተጠጋች፣ ማሽኗም እያጓራች ወጣች። እኔ ጮኼ ሳለቅስ እሷ ግን እጇን እያየች ነበር፤ ገና ጠዋት ግሪስ ስትገፋ የቆሸሸ እጅ ነበር።

አባቴ ሲመለስ የሆነውን ሁሉ ነገረችው። የተባለችውንም አንድ ቃል ሳታስቀር ነገረችው። ግቢው መሐል የቀረውን የዘይት ነጠብጣብ እያየ «ቆዳው እንዳለ ነው የወሰዳት» አለ።

«ልትነግረው ነው?»

«ሲወስዳት አልጠየቀኝም።»

ከዚያ በኋላ መስከረም ጠባ፣ ሰዉም ስለ መስቀል በዓል ሲያወራ እኛ ቤት የሚወራው ስለዚያ ቆዳ ነበር። ማሽኗ ፎርቶ ከሚባለው ኮረብታ ግርጌ የጎርፍ መውረጃ ቦይ ትቆፍር ነበር፤ እናቴም ከትምህርት ቤት ስትወስደኝ መንገዳችን ሳይሆን በዚያ በኩል አዙራ ትወስደኝና፣ ከአንድ ሱቅ ጥግ ቆመን እናያት ነበር። ዮናስ ግሪስ የሚባል ነገር አያውቅም፤ መገጣጠሚያዎቹ ደርቀው እንደ አሮጌ በር ይንጫጩ ነበር። በዚያ ሰዓት ክንዱን ወደ ላይ አንስቶ ያቆምና ሻሂ ሊጠጣ ይወርዳል። እሱ ሲጠጣ ክንዱ ማንም ሳይነካው፣ ዓይን እስኪጠራጠር ድረስ ቀስ እያለ ዝቅ ይላል፣ ዝቅ ይላል፣ በመጨረሻም ባልዲው መሬት ላይ ተደፍቶ ያርፋል። መጀመሪያ ያዩት ቀን የቦዩ ሠራተኞች አካፋቸውን ጥለው ሳቁ።

«ዮናስ፣ ማሽንህ ሰገደችልህ!»

«ደክሟት ነው፣ ለእሷም ሻሂ ስጣት!»

«ስኳር አብዛላት፣ አሮጊት ናት!»

እናቴ አልሳቀችም፤ ማታ ግን ለአባቴ ሳህኑን ስታቀርብለት «ዛሬ ሻሂውን ጨርሶ ብርጭቆውን ሳይመልስ ክንዷ ወረደ» ትለው ነበር። ሌላ ቀን «ሻሂው ሳይበርድ» ትለዋለች። ብርድ ሲገባ ደግሞ «ስኳሩን አማስሎ ሳይጨርስ» አለችው፤ አባቴም ራሱን ነቅንቆ መብላቱን ቀጠለ። እኔ በበኩሌ ከመተኛቴ በፊት በምጸልየው ጸሎት መጨረሻ ላይ «ያ ቆዳ ይቀደድ» የምትል ነገር እጨምር ነበር፤ እናቴ እየሰማች አልከለከለችኝም።

ቆዳው ተቀደደ። ክንዱ ጨርሶ መነሳት እንቢ አለ፣ ዘይቱም በቦዩ ውስጥ ፈሰሰ። አያ ዘርአይ ከአንዱ ጋራዥ ወደ ሌላው ሲሮጥ ከረመ፤ ነገሩን ከጎረቤት መካኒኮች እየሰማን እንደ ተረት ደጋግመን እናወራው ነበር። በሄደበት ሁሉ «ሞተሯን ማን ነው የገጠመው?» ይሉታል። «ሃብቶም» ይላል። «እጁን አንስቷል?» ይሉታል፤ መልሱን ስለሚያውቁትም ወደ ሥራቸው ይመለሱ ነበር።

በመጨረሻ ሁለት ሽማግሌዎች ይዞ፣ የእሑድ ልብሱን ለብሶ መጣ። በበሩ በኩል ነበር የገባው። ሽማግሌዎቹ ስለ ጓደኝነት፣ ስለ ክርስትና ልጁና ስለ ይቅርታ ብዙ ተናገሩ፤ አባቴ አንገቱን ደፍቶ ሰማቸው፣ ሲጨርሱም «እሠራታለሁ» አለ። «ግን አያ ዘርአይ አንድ ነገር በራሱ አፍ ይበል። ሃብቶም እጁን እስኪያነሳ ድረስ ማሽኗ ከዚህ ግቢ አትወጣም ይበል።»

«እወ፣ እወ፣ ብያለሁ» አለ አያ ዘርአይ ቶሎ ብሎ።

«ለእኔ አይደለም። ለእሷ ንገራት። የኦፊቺና ነገር ምን እንዳገባት እሷ ታውቃለች።»

እናቴ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ኮቱን ሲያስተካክል፣ ወደ ሽማግሌዎቹ ሲያይ፣ እነሱም ሲጠብቁት፣ ከዚያም መሬት መሬቱን እያየ ቃሉን ቃል በቃል ሲላት አየሁ። እሷ «ሰማሁ» ብቻ አለች። ያን ቀን የተሰማኝን ደስታ የሚያህል ደስታ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ቀምሼ አላውቅም፤ ለመደበቅም አልፈልግም።

ማሽኗ እንደገና ተጎትታ በፈረሰው አጥር ገባች። እናቴ ሣጥኗን ከፍታ ጎሚኒውን አወጣች፣ አባቴም ገጠመው፣ እሷም የደረቁትን መገጣጠሚያዎች ሁሉ ግሪስ አጠጣች። ቅዳሜ ዕለት ክንዱን እስከ መጨረሻው ወደ ላይ አነሳው፤ ሰኞ ጠዋት ስንነሳ ፈቀቅ አላለም ነበር። አሁን መዳፎቹን ክዳኑ ላይ ያሳርፋል ብዬ ቆሜ ጠበቅሁ። አባቴ ግን እጁን በሳሙና ታጥቦ ቁርስ ሊበላ ገባ።

በማግስቱ እናቴ ድንጋይ ማንሳት ጀመረች። የፈረሰውን አጥር ድንጋይ በድንጋይ ላይ እየደረበች፣ ጭቃ እያቦካች፣ ሰው ብቻ የሚያስገባው በር እስኪቀር ድረስ ዘጋችው። አባቴ አልረዳትም፣ አላስቆማትምም።

አያ ዘርአይ በልደት መጣ፣ በፋሲካ መጣ። «ሃብቶም፣ ደረሰች?» ሲለው አባቴ «እጄን አላነሳሁም» ይለው ነበር። «ክንዷ ቆሞ ከመንገድ ይታየኛል እኮ!» ሲለው ደግሞ «ይታይሃል» ይለዋል። ሽማግሌዎቹን ይዞ ሲመለስ እነሱ አዲሱን አጥር አዩ፣ እርስ በርሳቸው ተያዩ፣ በፊታቸው የተባለውን ቃል ስለሚያስታውሱ ሳል ሳል ብለው ወጡ። እሑድ እሑድ፣ አያ ዘርአይ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ በእኛ መንገድ በሚያልፍበት ሰዓት፣ አባቴ ሞተሩን አስነስቶ ክንዱን ከአጥሩ በላይ አሳይቶ ያዞረው ነበር፤ እኔና ወንድሜ በበሩ ቀዳዳ ፊቱን ለማየት እንጋፋ ነበር። በኋላ መንገድ ለወጠ። ያን ጊዜ እናቴ ከክንዱ ጫፍ እስከ ቤቱ ጣሪያ ገመድ ወጥራ ልብስ ማስጣት ጀመረች።

ዘንድሮ ለትምህርት ከቤት ከመውጣቴ በፊት አባቴን ስሰናበተው ከማሽኗ ሥር ተኝቶ አገኘሁት። ያለ ሥራ የቆመችውን ማሽን ዘይቷን ይቀይርላት ነበር። ፀጉሩ ሸብቷል፤ ኑሯችንን የገፋው የሰው መኪና እየጠገነ ነው። «ባባ፣ አሁንም አልደረሰችም?» አልኩት።

«ደርሳለች» አለኝ ከሥሯ ሳይወጣ። «አንቺ ፊደል ቆጥረሽ ሳትጨርሺ ነው የደረሰችው።»

«መሪዋን ይዘህ መንገድ ላይ ነድተሃት ታውቃለህ?»

የመፍቻው ድምፅ ቆመ። ልብስ ስታሰጣ የነበረችው እናቴም እጇ ገመዱ ላይ እንዳለ ወደ እኛ ዞረች። «አላውቅም» አለ አባቴ፤ ከዚያ መፍቻው ቀጠለ።

ሰኞ ዕለት ከክፍል ስወጣ ማሽኑ ወደሚቆፍርበት ሄድኩ። ነጂው ክንዱን ወደ ላይ እንዳነሳ ትቶ ሻይ ሊጠጣ ወርዶ ነበር። ልጅ ሳለሁ ከእናቴ ጋር እንደቆምኩት ጥግ ይዤ ቆምኩ፤ ያኔ እንዲወርድ እጸልይ ነበር፣ አሁን ግን ምን እንደምጠብቅ ሳላውቀው ቆየሁ። ሰውዬው ጠጥቶ ተመለሰ፣ ክንዱም አልወረደም፤ እስኪመሽ ቦዩን ቆፍሮ፣ አፈሩን መልሶ፣ በመንገዱ ላይ እየተንገጫገጨ ሄደ። ለአያ ዘርአይ ግን ዛሬም አላዘንኩለትም። የእኛዋ ዓኽርያ ውስጥ፣ እናቴ በገነባችው አጥር ውስጥ፣ ከማንም ማሽን የተሻለ ግሪስ ጠጥታ፣ ክንዷን ከፍ አድርጋ ቆማለች፤ አንድ ጉድጓድ ሳትቆፍር፣ የአባቴን ቱታ እያደረቀች።