ከማክሰኞ በፊት የነከስኩት እጅ

ደብዳቤው ዛሬ መጣ። «ውልዎ ተሰርዟል» ይላል፤ በጀርመንኛ፣ በሁለት መስመር። የፖስታ ሣጥኑ ጋ ቆሜ ነው የከፈትኩት። አሳንሰሩን መጠበቅ አቅቶኝ ስድስት ፎቅ እየጮህኩ ወጣሁ፤ በራችንን በእግሬ መታሁት። እናቴ ማማሰያ እንደያዘች ብቅ አለች።

«ማን ሞተ?»

«ማንም! ለቀቁን!» ብዬ አንገቷ ላይ ተጠመጠምኩ። ከታችን ያለችው ጎረቤት ኮርኒሷን በመጥረጊያ እንጨት ደበደበች። ትደብድብ። ከዚያ እሁድ ወዲህ ከኛ ቤት ድምፅ በተሰማ ቁጥር ፖሊስ ልጥራ አልጥራ እያለች ነው የምትኖረው፤ አልፈርድባትም።

ይሄን ደብዳቤ ያስመጣው የኔ ደብዳቤ ነው። አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ለአስተማሪ ሳይሆን ለሌላ ሰው ብዬ ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነበር። አሁን ማን ያስቆመኛል? ከመነሻው ልንገራችሁ።

ሰውየውን የምናውቀው ከቤተ ክርስቲያን ነው። እናቴን «እህቴ» ይላታል፤ ሁለት ጊዜ ቤታችን ምሳ በልቷል። የሚሸጠው የሞባይል ኢንተርኔት ነው፦ የስልክ መስመር የማይፈልግ፣ ሲም ካርድ ውስጡ ያለ፣ ሶኬት ላይ ብቻ የሚሰካ ነጭ ሣጥን። አንድ ማክሰኞ ከሰዓት እዚህ እኛ ሰፈር፣ ዞሰንሃይም ድረስ ይዞልን መጣ። እናቴ አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ነው የምትሠራው፤ ከጠዋት ፈረቃ ተመልሳ እግሯን ለብ ባለ ውሃ ዘፍዝፋ ነበር። እግሯን ከሳፋው ሳታወጣ ፈረመች። የሁለት ዓመት ውል! በኋላ ስጮህባት፣ «ሰው ቤትሽ ድረስ መጥቶ እምቢ ይባላል እንዴ?» አለችኝ።

ሣጥኑ አልሠራም። የሕንፃችን ግድግዳ ወፍራም ኮንክሪት ነው፤ ኔትወርክ የሚገኘው መታጠቢያ ቤቱ መስኮት ላይ ብቻ፣ እሱም አንዲት መስመር። የቤት ሥራዬን የሽንት ቤት ክዳን ላይ ተቀምጬ ላክሁ። ሐሙስ አባቴ አየር ማረፊያ ሻንጣ ሲጭን ውሎ ገባ። ቴሌቪዥኑን ከፈተ፤ ምስሉ ቀጥ አለ። ጠበቀ። እንደገና ቀጥ አለ። ከዚያ ሄዶ ሣጥኑን ከነገመዱ ነቀለና ኮሪደሩ መስታወት ላይ ወረወረው። መስታወቱ በሙሉ ረገፈ። «ሁለት ዓመት ፈርሜበታለሁ እኮ!» ስትል እናቴ፣ የወደቀውን ደግሞ በሥራ ጫማው ረገጠው። ጥጉ ተሰነጠቀ። ስሰካው ግን አሁንም በራ፤ እሱ እንኳን አልሞት አለ።

ስብርባሪውን ስለቅም ነው ከሣጥኑ ጋር የመጣውን ውል ያነበብኩት። ከጀርባው ቪደሩፍ ስለሚባል መብት ተጽፏል፦ በፈረሙ በአሥራ አራት ቀን ውስጥ ሐሳቤን ቀይሬያለሁ ብሎ የጻፈ ሰው ውሉ ይፈርስለታል። ለምን ተብሎ አይጠየቅም።

«አባዬ፣ ደብዳቤ ብቻ ነው የሚያስፈልገው» አልኩት።

«ቤታችን በልቶ በወጣ ሰው ላይ ክስ ልትጽፊ?»

«በሱ ላይ አይደለም! ለድርጅቱ ነው የሚላከው።»

«ያው ነው። ሽማግሌ ይላካል።»

ይኸውላችሁ የኛ ነገር። ባልና ሚስት ሲጣሉ ሽማግሌ፣ ልጅ ስትዳር ሽማግሌ፤ እኛ ደግሞ ኢንተርኔት ለማስቆረጥ ሽማግሌ ላክን። ሽማግሌው ምድር ቤት የሚኖሩ ጡረተኛ ናቸው። ኤርትራዊ ናቸው፤ ግን በልጅነታቸው በአማርኛ ስለተማሩ አማርኛቸው ከኔ በአሥር እጥፍ የጠራ ነው። ሁላችንም አባባ እንላቸዋለን። በስልክ ለመኑት፤ ሰውየው «ቴርሚን አለኝ» አለ፤ ቀጠሮ ማለቱ ነው። ደግመው ለመኑት፤ አሁንም ቴርሚን አለው። እኔ የደብተሬ ሽፋን ላይ ቀኖቹን አንድ በአንድ እሰርዛለሁ። አሥራ አራተኛው ቀን ማክሰኞ ነው፤ ከሱ ካለፍን እናቴ በውሉ ለሁለት ዓመት ትታሰራለች።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሰውየው ሱፉን ግጥም አድርጎ መጣ።

«ልጄ» አሉት አባባ፣ «ዕቃው አልበጃቸውም። አሰርዝላቸውና በፍቅር ኑሩ።»

«አባባ፣ እርስዎን አከብራለሁ። እኔው ራሴ አሰርዘዋለሁ። ሁለት ሳምንት ብቻ ይታገሡኝ።»

«ማክሰኞ ያበቃል!» አልኩ ከበሩ ላይ። «ሁለት ሳምንት ከጠበቅን ማንም አይሰርዘውም። እሱም ያውቃል!»

ከላይ እስከ ታች አየኝና ወደ አባቴ ዞረ። «ወንድሜ፣ ይሄን ቤት የምታስተዳድረው ልጅቷ ናት እንዴ?»

አባቴ ተነሣ። ጠረጴዛውን ገለበጠው። የሻይ ብርጭቆዎቹ መሬት ሳይደርሱ ቡጢው የሰውየው አፍንጫ ላይ አርፎ ነበር። ደም በነጩ ሸሚዝ ላይ ወረደ። ሰውየውም የዋዛ አይደለም፤ የአባቴን አንገትጌ ጨምድዶ በግንባሩ ቅንድቡን ተረተረው። ተያይዘው ሶፋው ላይ ወደቁ፤ የሶፋው እግር ተሰበረ። አባባ ለመገላገል መሐል ገቡ፤ የማን እንደሆነ ያልታወቀ ክርን አፋቸውን መታቸውና ሰው ሠራሽ ጥርሳቸው ቴሌቪዥኑ ሥር ገባ። እናቴ የድስት ክዳን ይዛ ሁለቱንም ሳትለይ ታወርደዋለች፦ «በቤቴ! በቤቴ!» አባቴን እንዲያ ሆኖ አይቼው አላውቅም። የሚገድለው መሰለኝ።

ያኔ ሰውየው ከጠረጴዛው ጋር የወደቀውን ውል መሬት ላይ አየው። ያለን ቅጂ እሱ ብቻ ነው፤ የደንበኛ ቁጥራችን ያለው እሱ ላይ ነው። አፈፍ አድርጎ መቅደድ ጀመረ። ዘለልኩና እጁን ነከስኩት። አውራ ጣቱ ሥር ባለው ሥጋ ላይ፣ በሙሉ ጥርሴ።

«ልቀቂኝ! አንቺ ውሻ!»

አለቀቅኩም። በሌላ እጁ ፀጉሬን ነጨው፤ እንባዬ መጣ፤ አሁንም አለቀቅኩም። አፌ ብረት ብረት አለኝ። ወረቀቱን የጣለው መጀመሪያ ነው፣ እኔ የለቀቅኩት ከዚያ በኋላ። እጁን አቅፎ ወጣ፤ በሩን ሲወረውረው የግድግዳው ሰዓት ወደቀ።

አባባ ጥርሳቸውን ተንበርክከው አወጡ፣ ወጥ ቤት ሄደው አለቀለቁት፣ አፋቸው ውስጥ መለሱት።

«ሽምግልናው አልቋል» አሉ። «ልጄ፣ አንቺ ጻፊ።»

ወለሉ ላይ፣ በብርጭቆ ስብርባሪ መሐል፣ በሆዴ ተኝቼ ጻፍኩ። የደንበኛ ቁጥሩን ለሁለት ከተቀደደው ወረቀት ገጣጥሜ አነበብኩ። አራት ዓረፍተ ነገር ሆነ። ወደ አማርኛ እየመለስኩ ሳነብላቸው አባቴ፣ በረዶ የሆነ አተር ቅንድቡ ላይ እንደያዘ፣ ተቆጣ።

«ምክንያቱን አልጻፍሽም! እንዳታለለን ጻፊ! እንደሰደበን ጻፊ!»

«ምክንያት አያስፈልግም፣ አባዬ።»

«እንዴት አያስፈልግም? ደም ፈሶበት?»

«ተዋት» አሉ አባባ። «ልመና አይደለም የምትጽፈው።»

እናቴ ፈረመች። ጣቷን ብርጭቆ ቆርጧት ስለነበር ጥጉ ላይ ቀይ ነጥብ አረፈ። እንደገና ልገልብጠው ስል፣ «ይሂድ፣ ይዩት» አለችኝ። ሰኞ ጠዋት ከትምህርት ቤት በፊት ፖስታ ቤት ወስጄ በአይንሽራይበን፣ ማለት በአደራ ደብዳቤ፣ ላክሁት። ደረሰኙን የስልኬ ሽፋን ውስጥ ከተትኩና እስከ ዛሬ በየሰዓቱ እያወጣሁ አየሁት።

ዛሬ አባቴ ከሥራ ሲገባ መልሱን ሰጠሁት። ቅንድቡ ላይ የስፌቱ ምልክት አለ። ሁለት ጊዜ አነበበው።

«ይሄው ነው?» አለ። «ይሄው ብቻ ነበር?»

ከዚያ አጎንብሶ የሶፋውን እግር በሙጫ መለጠፍ ጀመረ። ደብዳቤው ሣጥኑን መልሱ ስለሚል እናቴ በፎጣ እየወለወለችው ነው፤ ስለተሰነጠቀው ጥግ ምን እንደሚሉን እናያለን።

ለአባባ ልነግራቸው ወርጄ ነበር። የከንፈራቸው እብጠት ጎድሏል። ደብዳቤውን በመነጽር አይተው፣ «እንግዲህ» አሉ፣ «የምድር ቤቱን የጋራ ክፍል ቁልፍ አስፈቅዳለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ወረቀት የያዘውን ሁሉ ጥሪ። አንቺ ትጽፊያለሽ፤ እኔ በሩ ላይ ወንበር አድርጌ እቀመጣለሁ። ቡጢ የያዘ አይገባም።»

ስለዚህ ጠርቻችኋለሁ። ከዞሰንሃይምም ሁኑ ከከተማው ማዶ ከቦርንሃይም፣ ቅዳሜ ኑ። ውላችሁን ሳይቀደድ አምጡ፣ የፈረማችሁበትን ቀንም አስታውሱ። ቀኑ ካላለፈ አራት ዓረፍተ ነገር ነው፤ እኔ እጽፋለሁ። ጥርሴን አልጠቀምም።